ከጓሮ ማኅበራችን የደበቅኩት ድንች

ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ አትክልት የምትተክሉ ወይም ለመጀመር የምታስቡ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። በእኔ ጥፋት የስምንት ቤት ቲማቲም ደርቋል። ከቲማቲሙ በላይ የሚቆጨኝ ግን ዝም ያልኩበት ጊዜ ነው። እናንተም በዚያ እንዳታልፉ ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ።

የምንኖረው ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከብሎካችን ጀርባ የግንባታ ፍርስራሽና ፌስታል የሞላበት ባዶ ቦታ ነበር። ጥቅምት 2014 ላይ የነዋሪዎቹን ኮሚቴ አስፈቀድንና አሥራ አንድ ቤተሰብ ሆነን አጸዳነው። ለየቤቱ አንድ አንድ መደብ ደረሰው። አንድ ሰፊ መደብና የብስባሽ ጉድጓዱ የጋራ ሆኑ። በየወሩ የመጨረሻ እሁድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ በጋራ ሕንፃው በረንዳ ላይ እንሰበሰባለን። ቡና በተራ ይፈላል። መዋጮው በወር 50 ብር ነው። ስሙንም ያለ ብዙ ክርክር «የጓሮ ማኅበር» አልነው።

የመጀመሪያው ዓመት ያማረ ይመስል ነበር። አፈሩ ጥቁር ነው። በክረምት እግር ይዞ አይለቅም፣ በበጋ ደግሞ ጣት እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። መደቡን ከፍ አድርገን፣ ፍግና አሸዋ ቀላቅለን እንደምንም አለሰለስነው። ቆስጣውና ሰላጣው ቶሎ ደረሰ። ስብሰባ ሲደርስ ሁሉም ያማረለትን ይዞ ይመጣል። አንዷ ጥቅል ጎመን እንደ ሕፃን ታቅፋ መጣች። ሌላው ካሮቱን አጥቦ በሰፌድ ደርድሮ አመጣ። እናጨበጭባለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ ቡናችንን ጠጥተን እንበተናለን።

የተበላሸበት ሰውስ ምን ይዞ ይምጣ? ይቀራል። ዓመት ሳይሞላን ከአሥራ አንዱ ስብሰባ የሚመጣው አምስት ብቻ ሆነ። መደባቸውን አልተዉም፤ ከስብሰባው ነው የጠፉት። እኛ «ሰው ሰነፈ» ብለን አለፍነው። አሁን ሳስበው ማንም አልሰነፈም። ባዶ እጅ መምጣት አሳፍሯቸው ነው።

ለዚህ የሽንኩርቱን ዘር ማንሳት ይበቃኛል። ከመዋጮው ገንዘብ አውጥተን የቀይ ሽንኩርት ዘር ገዛን። ሦስት ቤት ዘሩት፤ አልበቀለም። ሦስቱም ዝም አሉ። አንዷ በደንብ ስላላጠጣሁት ነው አለች በሆዷ። ሌላው ጥልቅ አድርጌ ስለቀበርኩት ነው አለ። አራተኛው ቤት ሄዶ ያንኑ ዘር ዘራ፤ እሱም ቀረ። የሽንኩርት ዘር ደግሞ ከሌሎቹ ቶሎ ያረጃል። ዓመት ካለፈው የመብቀል አቅሙ በጣም ይወርዳል። አንድ ሰው አፉን ቢከፍት ኖሮ ሌሎቹ ሦስት ቤቶች ወር ሙሉ ባዶ መደብ አያጠጡም ነበር።

ዛሬ ማንኛውንም ዘር ከመከፋፈላችን በፊት እንፈትነዋለን። እናንተም ልመዱት፣ ምንም ወጪ የለውም። አሥር ፍሬ ዘር ቁጠሩና በረጠበ ሶፍት ጠቅልሉት። በትንሽ ፌስታል አድርጉና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ሶፍቱ እንዳይደርቅ በየቀኑ እዩት። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ሰባትና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ደህና ነው። ከአራት እስከ ስድስት ከበቀለ ወፈር አድርጋችሁ ዝሩት። ከዚያ በታች ከሆነ ጉልበታችሁን አታባክኑ።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ።

የካቲት 2015 ላይ የጋራውን መደብ የመትከል ተራው የእኔ ነበር። ወጥ ቤት ጥግ ለወጥ የገዛሁት ድንች ነበር፤ ቆይቶ ዓይኑ ወጥቶ አቆጥቁጧል። «ከምጥለው ልትከለው» አልኩ። ትልልቁን ለሁለት ለሁለት እየቆረጥኩ፣ ሁሉንም በአንድ ቢላ፣ ተከልኩት።

ስህተቱ ከዚህ ይጀምራል። ለወጥ የተሸጠ ድንች ለዘር ተመርጦ የወጣ አይደለም። ውጪው ንጹህ ሆኖ ውስጡ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አንዱ ከታመመ ደግሞ ቢላው ወደ ቀሪዎቹ ያዳርሰዋል። ድንች መትከል ካማራችሁ ለዘር ተብሎ የተዘጋጀ ፈልጉ። እንደ ጉደኔ፣ ጃለኔና በለጠ ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች አሉ፤ የወረዳችሁን የከተማ ግብርና ባለሙያ ብትጠይቁ የት እንደሚገኝ ይጠቁማችኋል። እንቁላል የሚያህለውን ሳትቆርጡ በሙሉው ትከሉ። መቁረጥ ግድ ከሆነ ከእያንዳንዱ ድንች በኋላ ቢላውን በበረኪና ውሃ አጽዱት።

ሚያዝያ ላይ፣ ሊያብብ ሲል፣ ቀትር ላይ መጠውለግ ጀመረ። ማታ ቀና ይላል። ውሃ ጠምቶት ነው ብዬ አሰብኩ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከሦስተኛ ፎቅ በጀሪካን እያወረድኩ አጠጣሁት። ባጠጣሁት ቁጥር ባሰበት። በሳምንቱ ቅጠሉ ቢጫ እንኳ ሳይሆን፣ አረንጓዴ እንደሆነ ተዝለፈለፈ። ነቀልኩት። ድንቹ ላዩን ጤነኛ ይመስላል። ስቆርጠው ግን ከልጡ ትንሽ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ዞሮታል። በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ከቀለበቱ ላይ እንደ መግል ያለ ነጭ ነገር ነጠብ ነጠብ አለ።

ያንን ድንች በፌስታል ቋጥሬ እሁድ ስብሰባ ላይ ማቅረብ ነበረብኝ። ግን ሰው ጎመኑን ታቅፎ በሚመጣበት ቦታ የበሰበሰ ድንች ይዞ መቅረብ ከበደኝ። የጋራው መደብ ደግሞ በአደራ የተሰጠኝ ነው። ሲመሽ ጠብቄ ሁሉንም ነቀልኩና ብስባሽ ጉድጓዱ ውስጥ ከተትኩት። በላዩ ደረቅ ሣር በተንኩበት። ሲጠይቁኝ «አይጥ ጨረሰው» አልኩ። ሁሉም አመነኝ።

መስከረም 2016 ላይ ብስባሹ ደረሰ። ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ሆነ። ስምንት ቤት በባልዲ ተካፈለ። ክረምቱ ስለወጣ ሁሉም ቲማቲም የሚያዛምትበት፣ ማለትም ችግኙን ወደ መደቡ የሚያዛውርበት ጊዜ ነበር። ያንን ብስባሽ እያንዳንዱ ችግኝ ሥር አደረጉት። እኔም አደረግኩ። ድንቹን ከነጭራሹ ረስቼው ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ቲማቲሙ ፍሬ ቋጥሮ፣ አንድ በአንድ ይዘለፈለፍ ጀመር።

በዚያ ወር ስብሰባ እማማ መጡ። ከሁላችንም በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ናቸው። ከስብሰባ ከቀሩ ስድስት ወር ሆኗቸዋል። አንድ ሙሉ የቲማቲም ተክል ከነሥሩ በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ወንበር ሳይስቡ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና «ይሄ ልጅ ምን ነክቶት ነው? ንገሩኝ» አሉ።

ከመካከላችን ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ብዙ አይናገሩም። ያን ቀን ተነሱና «ንጹህ ውሃ በሻይ ብርጭቆ ስጡኝ» አሉ። ከግንዱ፣ ከሥሩ ጠጋ ብለው፣ ጣት የምታህል ቆረጡ። ስቴኪኒ ወጉባትና ብርጭቆው አፍ ላይ አጋደሟት፤ የተቆረጠው ጫፍ ብቻ ውሃው ውስጥ ገባ። «እንዳታንቀሳቅሱት፤ ዝም ብላችሁ እዩ» አሉ።

ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከተቆረጠው ጫፍ ቀጭን ነጭ ክር መውረድ ጀመረ። እንደ ዕጣን ጭስ ነው፣ ግን ወደ ታች። ቀስ እያለ ብርጭቆው ሥር ደረሰና እንደ ወተት ተጠራቀመ። ቡና የምትቀዳው ልጅ ጀበናዋን ይዛ ቆማ ቀረች።

«የባክቴሪያ አጠውልግ ነው» አሉ ጋሼ። የውሃ መተላለፊያውን ስለሚደፍነው ተክሉ ውሃ መሀል ቆሞ በጥም ይሞታል። መድኃኒት ረጭተህ አታድነውም። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ በርበሬ፣ ደበርጃን፣ ሁሉንም ይይዛል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ የዝንጅብል ገበሬውን ባዶ ያስቀረው የዚሁ ወገን እንደሆነም ነገሩን። ከዚያ ቀና ብለው ዙሪያውን አዩና ጠየቁ፤ «እዚህ ግቢ ድንች ተክሎ የጠወለገበት አለ?»

ማንም አልመለሰም። እኔ ሲኒዬን አየሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚያመኝ ቀጥሎ ያለው አንድ ወር ነው። እስከዚያ ድረስ ያደረግኩት ባለማወቅ ነበር። ከብርጭቆው በኋላ ግን አውቄያለሁ። በዚያ ወር አንዷ ጎረቤታችን ከመደቧ የቃሪያ ችግኝ ከነአፈሩ ነቅላ ወንድሟ ግቢ ልትወስድ ስትወጣ በር ላይ ተገናኘን። የችግኙን ላስቲክ በሁለት እጇ ይዛለች። ሰላም አልኳትና አሳለፍኳት። አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ የወንድሟ ግቢ ይተርፍ ነበር።

በታኅሣሡ ስብሰባ ነገርኳቸው። ቀድሜ መጣሁ፤ ቡናው ሳይፈላ፣ ሰው ሞልቶ ሳላፍር በፊት ልናገር ብዬ። ድንቹን፣ ቀለበቱን፣ ጉድጓዱን፣ አይጥ ያልኩትን፣ ሁሉንም። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ጋሼ ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ። ችግኝ የወሰደችው ጎረቤቴ ብድግ አለች። «ወንድሜ ጋ ልደውል» አለችና ወጣች። ለሁለት ወር አላናገረችኝም፤ አልፈርድባትም።

እማማ ግን ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ እኔም የሽንኩርቱ ዘር እንዳልበቀለልኝ ደብቄያለሁ» አሉ። ቀጥሎ አንዱ ጎመኑን ክሽክሽ የሚባለው ተባይ እንደጨረሰበት ተናገረ። ሌላዋ ያልበሰለ ፍግ አድርጋ ቆስጣውን እንዳቃጠለችው አወጣች። ለካ ሁላችንም የሸሸግነው ነገር ነበረን። ያን ቀን እስኪመሽ ተቀመጥን። እንደዚያ ቀን የተማርኩበት ስብሰባ የለም።

ከዚያ ወዲህ የስብሰባችን ሥርዓት ተለወጠ። መጀመሪያ የሚቀርበው የሞተ ወይም የታመመ ነገር ነው፤ ያማረው ከቡና በኋላ ይታያል። ሁሉም ሰው ያልሆነለትን አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። ቅጠል ከሆነ በፌስታል ታስሮ ይመጣል፣ እዚያው ታይቶ እዚያው ይቃጠላል፤ ወደ ቤት አይመለስም። ማምጣት የማይቻል ከሆነ በስልክ ፎቶ። አንድ ደብተር ገዝተናል። ቀኑ፣ የየትኛው መደብ እንደሆነ፣ ምን እንደታየ፣ ምን እንደተደረገ ይጻፋል። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ግን አይጻፍም። በዚህ ላይ ጋሼ በጣም ጥብቅ ናቸው። «ስም ከጻፋችሁ የሚቀጥለው ሰው አይናገርም» ይላሉ። በሰኔው ስብሰባ አሥር ሰው መጣ።

አዲስ ማኅበር የምትመሠርቱ ከሆነ ከእኛ ይህችን ብቻ ውሰዱ። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ በዕድሜም በዕውቀትም ትልቅ የሆነው ሰው ያልተሳካለትን ነገር ያቅርብ። እሱ ካቀረበ ሌላው አይፈራም።

አሁን ስለ በሽታው ራሱ፣ ማወቅ የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። የጠወለገ ተክል ሁሉ ይህ በሽታ ይዞታል ማለት አይደለም። ውሃ የጠማው ተክል ካጠጣችሁት በኋላ ተነስቶ በማግሥቱም ቀና እንዳለ ይውላል። የታመመው ማታ ቀና ቢልም በማግሥቱ ቀትር ተመልሶ ይወድቃል፤ ውሎ አድሮ ጭራሽ አይነሳም። ቅጠሉ ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ካለ፣ ከቅጠሉ ጀርባም በእርጥብ ጠዋት ነጭ ሻጋታ ካያችሁ፣ ያ ሌላ ነው። በክረምት ቲማቲምና ድንች የሚፈጀው የቅጠል በሽታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቲማቲምን ዝናቡ ሲወጣ ማዛመት የሚመረጠውም በዋናነት ለዚህ ነው። በአጠውልግ ግን ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ አታዩም። ከተጠራጠራችሁ የብርጭቆውን ፈተና ሞክሩ፤ እስከ አምስት ደቂቃ ታገሱት። ነጩ ክር ከወረደ አትጠራጠሩ።

ከተገኘባችሁ ተክሉን ከነሥሩና ከዙሪያው አፈር ጋር አውጥታችሁ አቃጥሉት። ብስባሽ ውስጥ በፍጹም አትጨምሩት። የእኛ ጉድጓድ ቀዝቃዛ ነበር፤ ዝም ብሎ የተከመረ ቅጠል። ብስባሽ በሽታ የሚገድለው ሲግል ነው፤ ቢያንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ቁመቱም አንድ ሜትር ሆኖ፣ እየተገለበጠ፣ መሀሉ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለቀናት ሲቆይ። እኛ ወፍራም እንጨት መሀሉ ሰክተን እንተዋለን። ስንመዘው በእጅ ለመያዝ ካላቃጠለ አልጋለም ማለት ነው። ቢግልም እንኳ የታመመ ተክል አንጨምርበትም፤ ዳር ዳሩ ሳይግል ይቀራልና።

መኮትኮቻው ሌላው ተሸካሚ ነው። እኛ ሁለት መኮትኮቻ ለአሥራ አንድ ቤት እንጠቀም ነበር። አሁን በባልዲ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ይበጠበጣል። ከመደብ ወደ መደብ ከመሻገራችን በፊት ጭቃው ይራገፋል፣ ከዚያ ብረቱ ይነከራል። ጭቃው ሳይራገፍ ቢነከር ዋጋ የለውም። ሲያልቅ በውሃ ይታጠባል፣ ብረቱ እንዳይዝግ ዘይት ይቀባል። የጫማ ሶልም እንዲሁ ይጸዳል። የታመመ መደብ ካለ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚሠራው፣ ውሃውም ወደ ሌላው እንዳይፈስ ቦይ ይቆፈርለታል።

የታመመው መደብ ግን ባዶ መቀመጥ የለበትም። እኛ በቆሎ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮትና የአበሻ ጎመን እያፈራረቅን ተክለንበታል፤ ሁሉም ደህና ሆነው ወጥተዋል። የድንችና የቲማቲም ወገን ግን አሁንም አይነካውም።

ቲማቲም ያማረን ደግሞ በማዳበሪያ ተክለናል። ከረጢቱን ማለቴ ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ንጹህ አፈር፣ የበሰለ ብስባሽና አሸዋ ቀላቅለን ሞላነው። የከረጢቱ ታች ውሃ እንዲያሳልፍ አራት አምስት ቦታ ተበሳ። በአንድ ከረጢት አንድ ተክል ብቻ። ከረጢቱ መሬት እንዳይነካ ሁለት ብሎኬት ላይ ይቀመጣል። የእማማ ማዳበሪያዎች በር ላይ እንደ ዘበኛ ተደርድረዋል። ባለፈው ዓመት ለልጅ ልጃቸው ልደት ሰላጣ የሚሆን ከዚያው ለቀሙ።

በዚህ ዓመት የኅዳር ስብሰባ ላይ እማማ እንደገና አንድ የጠወለገ ግንድ በፌስታል አስረው መጡ። ሁላችንም ደነገጥን። ጋሼ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «አንቺ አሳዪን» አሉኝ። ቆረጥኩ፣ ስቴኪኒውን ወጋሁ፣ አጋደምኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ማንሳት አቃተኝ። ያቺ ችግኝ የወሰደችው ጎረቤቴ መጣችና በሌላው ጎን ያዘችልኝ። አብረን ትክ ብለን አየን። አምስት ደቂቃ አለፈ። ውሃው ጥርት እንዳለ ነበር።

ተያይዘን እማማ በር ሄድን። ማዳበሪያውን አጋድመን ስናየው የታችኛው ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኗል፤ ውሃው መውጫ አጥቶ ሥሩ በስብሷል። እማማ ቢላ አምጥተው በሌሎቹ ሁሉ ላይ አዲስ ቀዳዳ በሱ። ጎረቤቴ ደብተሩን ይዛ ነበርና እዚያው ቆማ ጻፈችው።